ቱርኩ ዶሮ፣ ሕንዱ ዶሮ፣ ሐበሻው ዶሮ

እንግሊዝኛ ቃል ሲያጥረው ከጎረቤት የሚበደር፣ መበደሩ ሲታክተው ደግሞ ያለውን አንድ ቃል ለሁለት ነገር የሚያካፍል ቋንቋ ነው። «ተርኪ» ብሎ አንካራና ኢስታንቡል ያሉበትን አገር ይጠራል፤ ያንኑ «ተርኪ» መልሶ አሜሪካውያን በየዓመቱ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ በምስጋና ቀን፣ በምድጃ ለሚጠብሱት ትልቅ ወፍ ይሰጠዋል። የአገሩና የወፉ ስም መግጠም አጋጣሚ አይደለም፤ ወፉ ስሙን የወሰደው ካገሩ ነው። ግራ የሚያጋባው ወፉ ከዚያ አገር ጋር ቅንጣት የሥጋ ዝምድና የሌለው መሆኑ ነው። ትውልዱ ሜክሲኮ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በግቢያቸው ሲያረቡት ኖረዋል፤ ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በመርከብ ጭነው እስኪያመጡት ድረስ ከአትላንቲክ ወዲህ ያለ ሰው በዐይኑ ዐይቶት አያውቅም። ታዲያ ቱርክ በምን ገባችበት?

ቱርኮቹን ብንጠይቃቸው «እኛ ምን አገባን፣ የሕንድ ነው» ይሉናል፤ በቋንቋቸው ወፉ «ሂንዲ» ነው። ፈረንሳዮችም «ዳንድ» ሲሉት «የሕንድ» ማለታቸው ነው፤ ሩሲያዊው «ኢንደይካ»፣ ፖላንዳዊው «ኢንዲክ» ሲል የሚጠቁመው ወደዚያው ነው። ሆላንዶችና ዴንማርኮች ከሌላው ይበልጥ ጠንቃቃ ነን ባይ ስለሆኑ ከተማውን ጭምር ይጠቅሳሉ፤ ወፉ የካሊከት ዶሮ ነው፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 የደረሰባት የደቡብ ሕንድ ወደብ። ሕንዶቹ ግን አድራሻው ተሳስቷል ብለው በእንግሊዝኛው «ተርኪ» እያሉ ወደ ቱርክ ይመልሱታል። ፖርቱጋሎች «ፔሩ» ይሉታል፤ ፔሩ ውስጥ ግን «ፓቮ» ነው፣ ቃሉም ከላቲኑ የጣዎስ ስም የተወሰደ ነው። በማሌይ ቋንቋ «የሆላንድ ዶሮ» ይሆናል። ካምቦዲያ ሲደርስ «ባራንግ ዶሮ» ይባላል፤ ባራንግ ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ቃል ስለሆነ ካምቦዲያዊው ቃል በቃል «የፈረንጅ ዶሮ» እያለ ነው። ወፉን የእኔ ነው የሚል አንድም አገር የለም። ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

እስካሁን የሰው ጉዳይ ነው ብሎ ዳር ቆሞ ለሚስቅ ሐበሻ አንድ ዜና አለ። ግብፅና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ወፉን «ዲክ ሩሚ» ይሉታል፤ የሩም አውራ ዶሮ። ሩም ጥንት ቁስጥንጥንያና ግዛቷ ነበረች፤ ቱርኮች ምድሪቱን ሲወርሱ ስሙም አብሮ ስለተወረሰ፣ ዓረቦቹም በዘወርዋራው ቱርክ ማለታቸው ነው። ሊባኖስና ሶርያ ላይ ሲደርስ ግን ወፉ «ሐበሽ» ይባላል። ቤይሩት ሳንዱች ቤት ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ኋላ በስሱ ተቆርጦ የተደረደረው ነጣ ያለ ሥጋ «ሐበሽ» ነው። በአይብ ይታዘዛል፤ የተጨሰውም አለ፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይነበባል። በዚያች ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ዓረብኛውን ገና በመልመድ ላይ ላለች እህታችን «ሐበሹን ቆራርጠሽ አቅርቢ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ምን ሊመስላት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከድንበሩ ወዲያ፣ እስራኤል ውስጥ፣ ወፉ ተመልሶ ሕንድ ይሆናል፤ ዕብራይስጡ ሕንድን «ሆዱ» ስለሚል ወፉም «ሆዱ» ነው። የእስራኤል ሻዋርማ በአብዛኛው ከዚሁ ሥጋ ይሠራልና፣ አማርኛ ለሚያውቅ ቤተ እስራኤላዊ ቃሉን ለማስታወስ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ምግብ ነው፤ ሆዱ ነው፤ ሌላ ምን ማብራሪያ ይሻል? መጽሐፈ አስቴር ሲከፈት ንጉሡ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን ይገዛ እንደነበር ይነግረናል። ያንን ሁሉ ርቀት ይህ ወፍ ከሃይፋ እስከ ቤይሩት ባለችው አጭር መንገድ ይጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሚቸኩልበት ፍርድ «ድንቁርና ነው» የሚል ነው። የዚያ ዘመን ሰው ካርታ አያውቅም፣ ሕንድን ከአሜሪካ አይለይም፣ ሩቅ የሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቃል ይባላል። በዚህ ፍርድ አልስማማም። ድንቁርና ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሞቹ በዘፈቀደ ይበተኑ ነበር፤ አንዱ የሞስኮ፣ አንዱ የቻይና፣ አንዱ የአይስላንድ ዶሮ ባለው ነበር። ስሞቹ ግን መስመር አላቸው። ብዙው ሕዝብ ወፉን የጠራው ብርቅ ዕቃ በሚያመጣለት ነጋዴ ወይም በሚመጣበት ወደብ ስም ነው። ማሌዎቹን የሚነግዳቸው ሆላንዳዊ ነበር፤ ካምቦዲያን ከ1863 ጀምሮ የያዛት ፈረንሳዊ ነበር፤ የእንግሊዙን ነገር አሁን እናየዋለን። የሸቀጥ ስም የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ የግዢ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ደግሞ የሻጩ ስም ነው።

እንግሊዝ አገር ወፉ በዚህ ስሙ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ የ1541 ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ክራንመር የካህናቱ ገበታ ልክ አጥቷል ብሎ ደንብ ሲያወጣ፣ እንደ ተርኪ ያለ ትልቅ ወፍ በአንድ ሳህን ከአንድ በላይ እንዳይቀርብ ከለከለ። (በአንድ ሳህን ሁለት ተርኪ የሚቀርብለት ካህን ጾሙን እንዴት ይይዘው እንደነበር እግዜር ይወቅ።) በ1550 ደግሞ ወፉን ወደ እንግሊዝ አስገብቷል የሚባለው የዮርክሺሩ ዊልያም ስትሪክላንድ የቤተሰብ ዓርማ ሲፈቀድለት፣ አናቱ ላይ ተርኪ አስቆመበት። በዚያ ዘመን ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ምንጣፍና ቅመም፣ ሐርና ዘቢብ የሚያመጡትን ነጋዴዎች ለንደን «የቱርክ ነጋዴዎች» ይላቸው ነበር፤ በ1581 ንግሥት ኤልሳቤጥ የንግድ ፈቃዳቸውን በማኅተም አጸናችላቸው። ሰዎቹ ራሳቸው ግን እንግሊዞች ነበሩ። እንግዲህ ቱርክ ያልሆኑ የቱርክ ነጋዴዎች ቱርክ ያልሆነ ወፍ ሸጡ ማለት ነው፤ ገዢውም ቱርክ ነው ብሎ በላው።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበችው የእኛዋ ጅግራ ናት። ጅግራን በቅርብ ያያት ያውቃታል፤ አመድማ ላባዋ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ተዘርቶበታል፣ ፊቷና አንገቷ ራቁቱን ሰማያዊ ነው፣ አናቷ ላይ የአጥንት ዘውድ ደፍታለች፣ ከጆሮዋ ሥር ቀላ ያለ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ተርኪውም ራሱና አንገቱ ራቁቱን ነው፤ እሱም ሥጋ ያንጠለጥላል። ጅግራ ከአፍሪካ ተነሥታ በግብፅ በኩል አውሮፓ ትገባ ነበር፤ ግብፅ ደግሞ ከ1517 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ነበረች። ስለዚህ በዚያው ሰሞን ጅግራም ለንደን ላይ «ተርኪ» ተባለች። አንድ ስም፣ ሁለት አንገተ ራቁት ወፍ። በኋላ ጅግራን ፖርቱጋሎች ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጊኒ ጠረፍ ያመጧት ጀመር፤ ወዲያው «የጊኒ ወፍ» ተብላ ተለየች። ልብ እንበል፤ ወፏ ያችው ናት፣ የተለወጠው ሻጩ ነው። ዓረቦችም ጅግራን «የሐበሻ ዶሮ» ይሉ ነበርና፣ የቤይሩቱ «ሐበሽ» ከእሷ ወደ እንግዳው ወፍ የተሻገረ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ መደባለቅ ያጠራል ተብሎ የሚጠበቀው ሳይንስ ደግሞ ባሰበት። ሊኔየስ በ1758 ተርኪውን «ሜሌአግሪስ ጋሎፓቮ» ብሎ አጠመቀው፤ የመጀመሪያው በግሪክኛ ጅግራ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ከላቲኑ አውራ ዶሮና ጣዎስ የተገጣጠመ ነው። የሦስት ሌሎች ወፎች ስም ተደርቦለት የራሱ ቀረ።

አንድ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለ። «ሕንድ» ያሉት ሕዝቦች የጠቀሱት ሻጩን ሳይሆን ትውልዱን ነው ሊባል ይችላል። ኮሎምበስ አሜሪካ ሲደርስ ሕንድ የገባ መስሎት ነበር፤ ስፔናውያንም አዲሱን ምድር ለብዙ ዘመን በሕንድ ስም ሲጠሩት ኖረዋል። ስለዚህ ፈረንሳዊው «የሕንድ ዶሮ» ሲል በዘመኑ አነጋገር «የአሜሪካ ዶሮ» ማለቱ ነው፤ ጥፋቱ የኮሎምበስ እንጂ የእሱ አይደለም። ለፈረንሳይ ይህን እቀበላለሁ። ታዲያ ሆላንዶች ካሊከትን ከየት አመጧት? ካሊከት ከኮሎምበስ ሕንድ ጋር የምትምታታ ቦታ አይደለችም፤ ባሕረኛው ሁሉ የሚያውቃት፣ ቁንዶ በርበሬ የሚጫንባት እውነተኛ ወደብ ናት። አንዱ «የሕንድ ነው» ሲል የሰማው ሌላው «የትኛው ሕንድ?» ብሎ መጠየቅ ሲገባው ክፍቱን ቦታ በሚያውቀው ገበያ ሞላው። ስሙ ከተጓዘ አይቀር ወደ ሜክሲኮ መጠጋት ይችል ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ገበያ ነው።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ከሕንድ ራሷ ይመጣል። በ1612 የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ባለሟሉን ሙቀረብ ኻንን ፖርቱጋሎች ወደያዙት ጎዋ ልኮ ብርቅ ብርቅ ነገር እንዲገዛለት አዘዘው፤ ከመጣው መካከል አንድ ተርኪ ነበረበት። ጃሃንጊር ፍጥረትን መመርመር የሚወድ ንጉሥ ነበርና ወፉን በማስታወሻው ላይ አብጠርጥሮ ጻፈው። ደሙ ሲፈላ ራሱና አንገቱ ዛጎል የመሰለ ቀይ እንደሚለብስ፣ ቆይቶ እንደሚነጣ፣ ደግሞ ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ሥጋ አንዴ ወርዳ እንደ ኩምቢ ስትንጠለጠል አንዴ ተሰብስባ እንደ አውራሪስ ቀንድ እንደምትቆም፣ አንድም አላመለጠውም። ስሙን ግን የሚያውቅ ሰው እንዳልተገኘ አብሮ ጽፏል። ወፉን የሣለው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ መንሱር ነው ይባላል። ይኸው መንሱር በ1621 ገደማ አንድ የሜዳ አህያ ሣለ፤ እንስሳው ከሐበሻ የመጣ መሆኑና ያመጡትም ቱርኮች መሆናቸው ከሥዕሉ ጋር ተጽፏል። እንግዲህ ክርክሬን የሚጠላ ሰው እዚህ ላይ ይይዘኛል። ሻጭ ስሙን የሚያወርስ ከሆነ ያ የሜዳ አህያ ለምን ቱርክ አልተባለም? ተርኪውስ ለምን ፖርቱጋል አልተባለም?

መልሱ በብዛቱ ላይ ነው። ለንጉሥ የሚቀርብ አንድ ብርቅ እንስሳ ሸቀጥ አይደለም። አንድ ብቻ ሲመጣ ሰው ዐይኑን ይከፍታል፤ ቀለሙን ያያል፣ አንገቱን ያያል፣ ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቃል፣ ሠዓሊ ይጠራል። ሁለት መቶ ቅርጫት ሲመጣ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ብቻ ነው። ለሜዳ አህያው የትውልድ አገሩ የተጻፈለት ማንም ለወጥ ስላልፈለገው ነው። ጃፓኖች ተርኪውን «ባለ ሰባት ፊት ወፍ»፣ ቻይናዎች «የእሳት ዶሮ» ማለታቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ከገበታቸው የራቀ ወፍ ስለሆነ መልኩን ለማየት ጊዜ ነበራቸው። ከደንቤ ያፈነገጠው ፖርቱጋል ነው። ፔሩ የወፉ ትውልድም አይደለች፣ ሻጭም አይደለች፤ ለዚያ ዘመን ሰው የወርቅና የብር ሌላ ስም ነበረች። ያፈንግጥ። ተራ ዕቃ ላይ የታዋቂ ስም ለጥፎ የሚሸጥ ነጋዴ በየትኛው ገበያ ጠፍቶ ያውቃል?

እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሰደዱ እርባታ የለመዱ ተርኪዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። የሜክሲኮው ተወላጅ አውሮፓን ዞሮ፣ የቱርክ ስም ይዞ፣ በእንግሊዝ መርከብ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ከሕግ ሰዎች አንድ እንኳ ዜግነቱን የጠየቀው የለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1784 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ንስር የሌላውን አደን የሚነጥቅ ባለጌ ወፍ መሆኑን ካማረረ በኋላ፣ ተርኪው ከእሱ የተሻለ የተከበረና እውነተኛ የአሜሪካ ተወላጅ መሆኑን መሰከረለት። ምስክርነቱን ሲሰጥ የጠራው ግን በቱርክ ስሙ ነው። ሼክስፒርም ብዙ አልተጨነቀም፤ በ1400ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮሎምበስ ሳይወለድ፣ በሚካሄደው የ«ሄንሪ አራተኛ» ቲያትር ላይ አንድ ጫኝ ቅርጫት ውስጥ ያሉ ተርኪዎቹ እንደተራቡ ያማርራል። የለንደን ተመልካች ወፉን ከተለማመደው ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ነበር፤ ከአባቶቹ የወረሰው ግን ሳይመስለው አልቀረም።

የአማርኛው ልማድ ከዚህ ይለያል ብሎ የሚመካም አይጠፋም፤ ከፊሉ እውነት ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያለበሳትን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» አልነው፤ በቆሎን በየአካባቢው «የባሕር ማሽላ» የሚለው ብዙ ነው። ይህ ሻጭም ትውልድም የማይጠቅስ ጥንቁቅ ስም ነው፤ ከባሕር ማዶ መጣ፣ ሌላውን አንመሰክርም ይላል። ጣሊያኖች ያንኑ የሜክሲኮ በቆሎ «የቱርክ እህል» ብለው ሲፈርሙበት እኛ ዝም አልን። የጥዱ ነገር ግን ያጋልጠናል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየአጥሩ የተተከለው «የፈረንጅ ጥድ» ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የበቀለ ዛፍ ነው፤ ፈረንጅ አመጣልን፣ የፈረንጅ አልነው። እንዳንሸማቀቅ የሚያደርገን የሳይንስ ስሙ መሆኑ ነው፤ እሱም «የፖርቱጋል ጥድ» ማለት ነው፣ አጥኚው ያየው ዛፍ ፖርቱጋል የተተከለ ስለነበረ። የአሜሪካው ሐበሻም «ተርኪ» ሲል ደንቡን እየጠበቀ ነው፤ ወፉን ያገኘው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሱቅ ነው። የምስጋናው ሐሙስ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት በኋላ ስለሚውል፣ ጿሚው ስሙን እንጂ ሥጋውን አይነካም። የማይጾመው ግን አንዳንዴ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላልቶ ዶሮ ወጥ ያወጣዋል። የበርበሬ ዘርም የመጣው ከሜክሲኮ ምድር ነው፤ ሜክሲኮዎችም ይህንኑ ወፍ ቃሪያ በበዛበት ወፍራም ወጥ፣ «ሞሌ» በሚሉት፣ ሲሠሩት ኖረዋል። ስሙ ዓለምን ሲዞር ወጡ ሳያውቀው አገሩ ገብቷል።

ቱርክ በ2022 የተባበሩት መንግሥታትን «ከእንግዲህ ቱርኪዬ በሉኝ» ብላ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። በአገሪቱ መንግሥታዊ ሚዲያ ላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ወፉ ነበር፤ የአገራቸው ስም ሲፈለግ ከጠረጴዛ ላይ ጥብስ ጋር ተደባልቆ መምጣቱ፣ እንግሊዝኛውም ያንኑ ቃል ለቂል ሰውና ለከሸፈ ቲያትር መስደቢያ ማድረጉ አላስደሰታቸውም። ቅሬታው ቅሬታ ነው። ሆኖም ወፉን «ሂንዲ» የሚል ሕዝብ ይህን ሲጠይቅ ሕንድ ፈገግ ብላ ተራዋን ብትጠብቅ አይፈረድባትም፤ ሊባኖስ ላይ አቤቱታ የምናቀርበው እኛም ከሰልፉ ጫፍ ነን። ስሙ ይስተካከል ከተባለ የሚቀረው አንድ ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ሜክሲኮዎች ከጥንቱ የናዋትል ቋንቋ ወርሰው «ጓሆሎቴ» ይሉታል። ይህ ለአፍ ከከበደ «የሜክሲኮ ዶሮ» ማለት ይቻላል። ከሜክሲኮ ጋር የስም ብድር የለብንም፤ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች አዲስ አበባ አደባባይ ሰይመንላታል፣ እሷም ዋና ከተማዋ ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይና በስማችን የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። ችግሩ ያው አደባባይ ነው። «የሜክሲኮ ዶሮ» የተባለ ዕለት ሰው ሁሉ ታክሲ ይዞ ሜክሲኮ ይወርዳል፤ እዚያ ሲያጣ ሾላ ሞክር ይሉታል፤ ሾላ ካገኘው ደግሞ በማግሥቱ ስሙ የሾላ ዶሮ ነው።